ከደጃፍ የሚመለስ ኮሚቴ

ጓዶች፣ እስቲ ጸጥታ! እትዬ ወለተሩፋኤል፣ እርስዎም ይቀመጡ እንጂ። ዛሬ ወንበር የምናቀርበው እኛ ነን።

ሁላችሁም የቸኮላችሁት የእትዬ ቤት ምን እንደሆነ ለመስማት እንደሆነ አውቃለሁ። ጡረታ ወጡ ተብሎ ከግቢያችን ይለቃሉ ወይስ ይኖራሉ? ኮሚቴው ወስኗል። እሳቸው ራሳቸው አልሰሙም። ግን እኔ አስማረ፣ የሒሳብ ክፍሉ፣ እንዳይጠፋብኝ በተራ በተራ ጽፌ ነው የመጣሁት። በተራው እንሂድ።

አንደኛ፣ የመጡበት ቀን። ከአይከል ተቀጥረው የመጡ ዕለት ባለጉዳይ መሰሉንና «ነገ ይመለሱ» አልናቸው። በነጋው መጡ። አሁንም «ነገ ይመለሱ» አልን። በሦስተኛው ቀን አለቃችን «የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ምነው ቀረች?» ብሎ ሲቆጣ፣ እትዬ ከአግዳሚው ብድግ ብለው፣ «ኧረ አልቀረሁም! የተቀጠርሁት ለመመላለስ መስሎኝ ነው» አሉ።

ሁለተኛ፣ መጋዘኑ። አዲስ ዕቃ የሚፈልግ አሮጌውን ይመልሳል። የጽዳት ሠራተኛው ምናለ አንድ ቀን የመጥረጊያ እጀታ ብቻ ይዞ ሄደ።

«ጭራሮውስ?»

«በኖ አለቀ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው የምሰጥህም እጀታ ነው።»

ሰጡትም!

ሦስተኛው ግቢያችን ነው። ለእንግዶች ልንገር፤ አብዛኞቻችን የምንኖረው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ በአንድ አጥር፣ በአንድ ቦኖ ነው። ከለውጡ በኋላ ኮሚቴ ምረጡ ተባልንና እትዬን ሊቀመንበር፣ አያ አድማሴን፣ አለነን፣ እኔንና ሌሎችንም አባል አደረጋችሁን። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው። ያለው ሥልጣን ብቻ ነው፤ ሥልጣን ደግሞ ያሳብጣል።

አያ አድማሴ አይቆጡኝ እንጂ፣ በተመረጡ በሳምንቱ «ቁጥጥር ነው» እያሉ በየቤቱ እየገቡ የድስት ክዳን ማንሳት ጀመሩ። እትዬ ቤት ሲደርሱ፦

«አያ አድማሴ፣ የተመረጡት ለምን ነበር?»

«ለጣራ፣ ለአጥር፣ ለቦኖ።»

«ለድስቱስ ማን መረጠዎት?»

«ኧረ እንዲያው ሽታው...»

«ሽታውማ ደጅም ይደርሳል! በሉ ከመድረኩ ይመለሱ።»

ከዚያ ወዲያ ደንብ ሆነ። ኮሚቴ ሳይጠራ የሰው ደጃፍ አያልፍም። ሰውም ኮሚቴን በእራት ሰዓት አያንኳኳም፤ ጉዳይ ያለው ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ጋ ይመጣል። ምናለ አንድ እሑድ እትዬን ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ይዞ፣ «ጎረቤቴ ውሃዬን...» ብሎ ቢጀምር፣ «አሁን ወለተሩፋኤል ነኝ። ኮሚቴዋን ከፈለግሃት ድንጋዩ ጋ ጠብቃት» አሉት። ሄዶ ተቀመጠ እኮ! ሚስቱ ለምሳ ባትጠራው እስከ ቅዳሜ ይቆይ ነበር።

ትስቃላችሁ። እኔ ግን እራቴን ተረጋግቼ የበላሁት በዚያ ደንብ ነው። አምስት ልጅ በአንድ ክፍል አለኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ልጆቼ የጎረሱትን ሳያኝኩ ወደ እኔ ያዩ ነበር። ዘመኑን ታውቁታላችሁ። እኔም ከእነሱ ይበልጥ እደነግጥ ነበር። ያ ቀረ። እትዬ፣ ለዚህ ሸጋ ሥራዎ ምስጋናዬ ከአንጀቴ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። ጡረታ የወጣ ቤቱን ለተረኛ ይለቃል፤ ልማዱ ይኸው ነው። አለቃችን ግን «እናንተው ተነጋገሩበት» ብሎ ለኮሚቴው ተወው። በእትዬ ደንብ ደግሞ የራሱ ጉዳይ የሚታይ አባል ከስብሰባው ይወጣል። እሳቸው ወጡ። ተረኛው እኔ ነኝና እኔም ወጣሁ። ሁለታችን ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ቁጭ አልን።

«እትዬ፣ የልጆቼ ነገር ሆኖብኝ እንጂ በእርስዎ ጨክኜ አይደለም» አልኋቸው።

«ዝም በል፣ አስማረ። ስለ ቤቱ የሚወራው ውስጥ ነው። ይልቅስ ትንሿን ልጅህን ሳሉ ተዋት?»

ፍራሻቸው ተጠቅልሎ በማኪና አይከል ወንድማቸው ዘንድ ሄዷል። እሳቸው የኔን ልጅ ሳል ይጠይቃሉ!

ስብሰባው ሲያልቅ አለነ ወጥቶ በጆሯቸው ሊነግራቸው ቢጠጋ፣ «ውሳኔ በሰው ሁሉ ፊት ነው የሚነገር» ብለው መለሱት። ለእኔም የነገሩኝ የዛሬው ተናጋሪ ስለሆንሁ ብቻ ነው።

እንግዲህ በሰው ሁሉ ፊት ልናገር፤ እትዬ ወለተሩፋኤል ከቤታቸው አይነሱም!

ቆዩ፣ ቆዩ፣ እልልታውን አቆዩት፤ አልጨረስሁም። የእኔም ልጆች አልተረሱም። ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ክፍል ለእኛ ለቆልናል። ከእንግዲህ ስብሰባው ደጅ ነው። ክረምት ሲገባ ነገር ማሳጠር እንማራለን።

እትዬ፣ አያልቅሱ እንጂ። በሉ ሁላችሁም ብርጭቆ አንሱ፤ ጠላ ያነሰው ይቀዳለት። እትዬ፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ዓይንዎ አይድከም፣ ደጅዎ በወዳጅ ይሙላ። ፍራሽዎን ነገ ሄደን እናመጣለን፤ ለዛሬ ባለቤቴ ወይዘሮ ታየች የእኛን አንጥፋልዎታለች።

ለጤናዎ! ከእኛው ጋር ያሰንብትዎ! አሁን እልል በሉ!