የታሸገው መጫወቻ

ከሐመልማል ጋር ያቀራረበን ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ያለው ቤታችን ደረጃ ነው። እኔ መካ፣ ሚስፈላ ካለው ሆቴል አንሶላ ሳጥብ ሰንብቼ ለዕረፍቴ ጅዳ መግባቴ ነበር። እሷ ባዶ የካርጎ ካርቶን ታቅፋ ስትወጣ መታጠፊያው ላይ ተቀረቀረባት። በር ለበር እየኖርን ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። አንዱን ጫፍ ያዝኩላትና አብረን ክፍሏ ገባን።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ጥግ ላይ ሌላ ካርቶን፣ አፉ በፕላስተር የታሸገ፣ ቁጭ ብሏል። አራት ዓመት የሆናት ልጇ ዮሐና አልጋው ላይ ተጋድማ ስልክ ታያለች። ሰላም ብላት ቀናም አላለች።

ሐመልማል ሳፋ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ልጆቿ የሰለቹትን መጫወቻ ትሰጣታለች። እሷ ታጥበዋለች፣ በፌስታል ትጠቀልለዋለች፣ ካርቶን ውስጥ ትከተዋለች። የፊተኛው ስለሞላ ነው ሁለተኛውን ያመጣችው። የማን ነው ብላት፣

"የዮሐና ነዋ" አለችኝ። "አገር ስንገባ ትጫወትበታለች።"

እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ይህን ልማድ እናውቀዋለን። ደህናው ብርድ ልብስ ለአገር፣ ደህናው ሳህን ለአገር፤ እኛ በተቀደደው ላይ እንተኛለን። ብርድ ልብስስ ይሁን፣ ብርድ ልብስ አያረጅም፣ ተቀምጦ ይጠብቃል። የልጅ መጫወቻ ግን ምኑን ይጠብቃል?

"መቼ ነው የምትገቡት?" አልኳት።

"የልጅቱ የመውጫ ወረቀት ሲያልቅ።"

"እሱስ መቼ ያልቃል?"

ይህን እሷም አታውቅም። አባትየው ዮሐንስ ተይዞ ወደ አገር ከተላከ ወዲህ ወረቀቱ "ቡክራ፣ ቡክራ"፣ ነገ ነገ እየተባለ ነው የቆየው። ዮሐና ያኔ ገና ጡት አልጣለችም ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ የምለቅ ሰው አይደለሁም። ክፈችውና ዛሬ ትጫወትበት አልኳት።

"እትዬ በድሪያ፣ አይቆጡኝ። ይሰበራል። እንዲህ ያለ ዕቃ እናቴ እንኳ አይታ አታውቅም።"

"ልጅሽስ አይታው ታውቃለች?"

ይህ ሳይገባት ቀርቶ አይደለም፤ ወደ ሌላ ወሬ ዞረች። ያከራየን ሰው የልጅ ኮቴ ከሰማ እንደሚያስወጣት፣ ስልክ ግን ልጅቱን ፀጥ እንደሚያደርግላት፣ በዚህች ክፍል ደግሞ መጫወቻ ቢዘራ መራመጃ እንደሌላት ነገረችኝ። እውነቷን ነው። እኔም መለስኩላት። ድምፅ የማያሰማ መጫወቻ በእጅ ይሠራል፤ ያረጀ አባያ ቀሚስ ቀደሽ በስፖንጅ ላይ ብትቋጥሪው ኳስ ነው፣ ቢወድቅም አይሰማም። ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀሽ ዓይን ብትሰፊለት አሻንጉሊት ነው። የለበን፣ የእርጎውን ጀሪካን አንገቱን ቆርጠሽ፣ ስለቱን በፕላስተር ሸፍነሽ ብትሰጫት ባልዲዋ ነው። የተምር ካርቶን አልጋው ሥር ቢገባ ዕቃ ቤቷ ነው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አታውጪው፤ ሁለት ሦስቱ ይውጣ፣ የቀረው ይደበቅ፣ ጁምዓ ጁምዓ ለውጪላት፤ የሰለቻት ተመልሶ አዲስ ይሆንላታል።

"እርስዎ ደግሞ መቼ የሕፃናት አስተማሪ ሆኑ?" አለችኝ እየሳቀች።

"ሆቴሉ ሳልገባ የሰው ልጅ ሳሳድግ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ሳቂ አንቺ።"

ሳቋ ግን አልቆየም። ካርቶኑ ላይ እጇን አሳረፈች።

"እትዬ፣ ይኸን ከከፈትኩት እኮ እዚሁ ቀረሁ ማለት ነው።"

 ፕላስተሩን ላጥኩት። እጄን ልትይዘኝ ተነሣች፤ ነገር ግን ተቀዶ ነበር።

ከላይ ያለው ደህና ነው፤ መኪና፣ ኳስ፣ ፀጉሯ የተጎነጎነ አሻንጉሊት። ወደ ታች ስንወርድ ግን የአራስ ልጅ ዕቃ ብቻ ሆነ፤ ሲነቀንቁት የሚንሿሿ፣ ጥርስ ሲወጣ የሚነከስ። ሐመልማል አንድ በአንድ እያወጣች ታየዋለች። ይህ ሁሉ ለዮሐና የተቀመጠ ነበር፤ ዮሐና ግን አድጋ አልፋዋለች።

አሻንጉሊቷን ለልጅቱ ሰጠኋት። ስልኩን ጣለችና ተቀበለችኝ። ታቅፋታለች ብዬ ስጠብቅ ከአልጋው ሥር ፌስታል ጎትታ አወጣች። አሻንጉሊቷን ከፌስታሉ ላይ አስተኛች፣ በደንብ ጠቀለለች፣ ጫፉን ቋጠረች፣ ወስዳም ካርቶኑ ውስጥ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻት። ከዚያ እጇን አራግፋ እናቷን አየቻት።

"ኻላስ" አለች፤ አለቀ ማለቷ ነው።

ሐመልማል መጀመሪያ ሳቀች። ወዲያው ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ሌላ ጨዋታ አታውቅም" አለች።

ከማን ትማር ልላት አስቤ ምላሴን ያዝኩ። መቀስ አምጪ አልኳት፣ አመጣች። ባዶውን ካርቶን በርና መስኮት ቆርጠንለት ቤት አደረግነው፤ የጨርቅ ኳስም ቋጠርን። የአራሱን መጫወቻ ሐመልማል ታች ቤት ለምትኖረው ለዚነት ሕፃን ሰጠችው። ስትሰጥ ሰው የምትቀብር ትመስል ነበር።

በሚቀጥለው ዕረፍቴ ስመለስ ዮሐና የጨርቅ ኳሷን ይዛ በር ላይ ተቀበለችኝ። ቀድሞ የነበራት ቃል ሁሉ ከስልክ የለቀመችው ዐረብኛ ነበር፤ አሁን አሻንጉሊቷን በአማርኛ ስትቆጣት ሰማሁ። ያለ ስልክ ትተኛለች። ማታ ዕቃዋን ራሷ ለቅማ ተምር ካርቶኑ ውስጥ ትከታለች፣ እናቷም አትደናቀፍም። አከራዩም ምንም አልሰማም። እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ካርቶን የሞላ ክፍል ውስጥ ለምትኖሩ ነው። ብርድ ልብሱን እሺ አሽጉት። የልጁን ግን አውጡለት፤ ከሌላችሁም በጨርቅ ሥሩለት፣ አብራችሁትም ወለል ላይ ተቀመጡ። ልጅ የሚጫወተው ያየውን ነው፤ ስታሽጉ ብቻ ካያችሁ ማሸግ ነው የሚማረው።

ሐመልማልን ደስ አላት ወይ ብትሉኝ፣ አላላትም። አመሰገነችኝ፣ ልክ ነበሩ አለችኝ፣ ግን ፊቷ ጠቁሯል።

"ካርቶኑ በሞላ ቁጥር አገሬ ይቀርበኝ ነበር" አለችኝ። "አሁን ራቀብኝ።"

ውሸት ነግሬ ላጽናናት አልፈለግሁም።

"የራቀሽ ዛሬ አይደለም፣ እታለም" አልኳት።

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ዮሐና ከካርቶን ቤቷ ውስጥ ሆና "እማ፣ ነይ ግቢ" ብላ ትጣራለች። በሩ ለአዋቂ አይበቃም። ሐመልማል ተንበርክካ እጇን ብቻ አስገባች፤ ልጅቱም ያዘቻት።