ያልቆሸሹ እጆች

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ዲናችን፣ ባልደረቦቼ፤ ይህን ያህል ሰው ለእኔ የጡረታ ሽኝት ብሎ ሲሰበሰብ ማየት አልለመድኩምና ከልቤ አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "ኧረ ጋሼ፣ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ" ስትሉኝ ኖራችሁ፣ ዛሬ በገዛ እጃችሁ ማይክሮፎን ሰጣችሁኝ። ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ሰሞኑን አንድ ሕልም ይመላለስብኛል። ወርክሾፑ ውስጥ ነኝ። የብረት መቁረጫ ቶርኖዎቹ ሁሉ ይዞራሉ፣ ግን ድምፅ የላቸውም። የረፋዷ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝታለች፤ የብረቱ ፍቅፋቂ እንደ ላባ ቀስ እያለ ይወርዳል። እስከ ዛሬ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ቆመዋል። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ እጃቸውን አገላብጣለሁ። ምን ፍለጋ? ግሪስ። ትንሽ የግሪስ ምልክት።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ከሃያ ዓመት በፊት፣ ቁጥሩ አነስተኛ ከሆነው ከጠረፉ ማኅበረሰብ በየዓመቱ ሦስት አራት ልጆች ይመጡልን ነበር። ቋንቋችንን ገና እየለመዱ ነው፤ ሲናገሩ የሚስቅባቸው አይጠፋም። አንጀቴን በሉት። በመስኮቱ በኩል ጥሩ ብርሃን ያለውን ጠረጴዛ ለብቻቸው ሰጠኋቸው። "እናንተ ልኬቱን መዝግቡ፣ ማሽኑን ሌሎቹ ይያዙት" አልኩ። እንዳይሸማቀቁ፣ እንዳይጎዱ ብዬ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። ስንት ዓመት? ዘጠኝ።

አንድ ቀን ከነሱ አንዷ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ መሣሪያ ስቆልፍ መጥታ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።

"ጋሼ፣ እስቲ ይዩት።"

"ምነው፣ ተቆረጥሽ እንዴ?"

"ጭረት እንኳ የለበትም። ሦስት ዓመት ተምሬ ግሪስ አልነካኝም። በዚህ እጅ ማን ሥራ ይሰጠኛል?"

"ልጄ፣ ላንቺው ብዬ እኮ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

ያ "አውቃለሁ" እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። የተግባር ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ምሳ ሰዓታችንን ትተን ከቶርኖው አልተለየንም። አልበቃም፤ ወደቀች። ዓመቱን ደገመች፤ በሷ ስንፍና ሳይሆን በእኔ ደግነት። ይህን የምናገረው እንድታጽናኑኝ አይደለም።

ውጤቱ በወጣ ማግስት ያን ጠረጴዛ እኔና የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ተሸክመን መሀል አመጣነው። እሱ "ወገቤን" ማለት የጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፤ ሐኪሙ ግን እስካሁን አላመነውም። ግድግዳው ላይም እንዲህ የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፦ በዚህ ሳምንት የመዘገበ በሚቀጥለው ማሽን ይይዛል፣ ማሽን የያዘ ይመዘግባል፤ አብሮት የሚሠራውን ማንም አይመርጥም። መጀመሪያ ተንጫጩ። ቆይተው በሁለት ቋንቋ መቀላለድና መሰዳደብ ጀመሩ፤ ያኔ ነገሩ እንደተቃና ገባኝ።

ክቡር ዲን፣ ኮሚቴው ከጠረፉ ለሚመጡት ልጆች ለብቻቸው የልምምድ ክፍል ሊከፍትና በሩ ላይ የእኔን ስም ሊጽፍ እንዳሰበ ነግረውኛል። ከቅን ልብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሰማ ዕንባዬ መጥቷል። ግን እባክዎ፣ አይክፈቱት። ያ ክፍል የእኔ የመስኮት ጠረጴዛ ነው፤ በር ብቻ ነው የተጨመረለት። አዲሶቹን ማሽኖች ሁሉም ወዳለበት ያስገቡልን። ስሜን ይተዉት፤ ያቺን ወረቀት ብቻ እንዳያስነቅሉብኝ።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ "ሰው ፊት ነው የምትቆመው" ብላ ጥፍሮቼን በብሩሽ ፈተገችኝ። ከዚያ የወርክሾፑን ቁልፍ ላስረክብ ሄድኩ። የተረከበችኝ ያቺው እጇን የዘረጋችልኝ ልጅ ናት፤ ተመርቃ እዚሁ አስተማሪ ሆናለች። ያቻትና፣ ከኋላ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች፤ ከነገ ጀምሮ የወርክሾፑ ኃላፊ እሷ ናት። ቁልፉን ከመቀበሏ በፊት እጄን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"ጋሼ፣ እንዲህ ሲነጣ አያምርብዎትም" ብላ የራሷን እጅ ግሪስ መዳፌ ላይ አሸችልኝ።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ቤታችሁ ይሙቅ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። እጁ ሳይቆሽሽ ከዚህ ቤት የሚመረቅ ልጅ አይኑር።

ግሪሱ ይኸውላችሁ፣ አላጠብኩትም። በሉ፣ መጀመሪያ የሚጨብጠኝ ማነው?