ወጥ የነካው ገጽ

(ቡሬ፣ በሟቹ በላቀው ቤት፣ የአርባው ዋዜማ። ልጁ ትርሲት፣ አባቷ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነትርጉማቸውና ከዕለታዊ አጠቃቀማቸው የጻፈበትን ደብተር ይዛ፣ ምሳውን በልቶ የጨረሰው አጎቷ ደምሰው ፊት ቆማለች።)

ትርሲት፦ የቀደዱትን ገጽ ይስጡኝ፣ ጋሼ።

ደምሰው፦ የምን ገጽ?

ትርሲት፦ በግራ እጅዎ የጨበጡትን።

ደምሰው፦ ይሄን? ሶፍት መስሎኝ እጄን ጠረግሁበት። ወጡ ዘይት በዝቶበታል።

ትርሲት፦ በአባባ ጽሑፍ ወጥ ጠረጉ።

ደምሰው፦ እንግሊዝኛ አላውቅ፣ በምን ልለየው?

ትርሲት፦ ከሥሩ በአማርኛ ተርጉሞታል። ደግሞ ከዚህ ሁሉ ቅጠል ያንኑ መርጠው ቀደዱ። «ዲስገስት፦ መጸየፍ። ዕለታዊ አጠቃቀም፦ ደምሰው ቁስሌን ስለሚጸየፍ በር ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን ይዞ ጠየቀኝ።»

ደምሰው፦ በቃልሽ ይዘሽዋል?

ትርሲት፦ ያስተማራቸው የሰፈር ልጆችም ይዘውታል። ነገ በአርባው ላይ ይሉታል።

ደምሰው፦ ቄሱ ባሉበት? ዕድርተኛው ባለበት? ምን ዓይነት ምሳሌ ነው? እንደ ሰው «ድመት ወተት ትጠጣለች» ብሎ አያስተምርም ነበር?

ትርሲት፦ ድመት አልነበረንም። የነበረን አጎት ነው።

ደምሰው፦ ሽታውን አልቻልሁትም፣ ልጄ። ያ እግሩ...

ትርሲት፦ ሰባት ወር አጥቤዋለሁ። እኔም አፍንጫ አለኝ። የወጥ ሽታ ሲሆን ግን አጥሩን ለመሻገር ማንም አይቀድምዎትም።

ደምሰው፦ ሙት ወቃሽ አልሁን እንጂ እሱም...

ትርሲት፦ አይሁኑ። ሙቱ ነው እርስዎን የወቀሰው።

ደምሰው፦ ያም ሆነ ይህ ተቀዷል። አለቀ።

ትርሲት፦ ጀርባውን አይተውታል?

ደምሰው፦ ጀርባ አለው እንዴ?

ትርሲት፦ አባባ ወረቀት አያባክንም። «ብራዘር፦ ወንድም» ይላል። ልጆቹን ፊቱን አስጠንቶ ሞተ። ጀርባውን ዛሬ ላስጠናቸው ስገልጥ ነው መቀደዱን ያየሁት።

ደምሰው፦ ምሳሌው ምን ይላል?

ትርሲት፦ ገና አላነበብሁትም ነበር። ወዲህ ይበሉት። ... የእስክሪብቶው ቀለም ከዘይቱ ጋር ሄዷል።

ደምሰው፦ እኔ አውቀዋለሁ። ልጆች ሆነን ወንዝ ወርደን እባብ ነደፈው፤ ያንኑ እግሩን። መርዙን በአፌ መጥጬ ተፋሁት። ያን ቀን አልተጸየፍሁም። እሱን ነው የጻፈው፣ ሌላ ሊጽፍ አይችልም። ለልጆቹ ንገሪልኝ።

ትርሲት፦ ይሆናል። ልጆቹን ግን የተጻፈውን እንዲያነቡ ነው ያስተማራቸው። እዚህ ላይ የሚነበቡት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ «ደምሰው» እና «እባብ»።