የባና ሸማኔው እጆች

ባለፈው ኅዳር የደብረ ብርሃን ብርድ አላስቆም ሲለኝ ዘው ብዬ የገባሁት አቶ ሰይፈሥላሴ ሽመና ቤት ነበር። ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ያን ወፍራም ባና እንደ እሳቸው የሚሸምን በአገሩ የለም ይባላል። እንደ እሳቸው የሚቆጣም የለም፤ ለዚህኛው እኔው ምስክር ነኝ።

«ውጣ! ውጣልኝ ከጉድጓዱ!» ይላሉ።

ሸማኔ እግሩን ሰድዶ ከሚሠራበት ጉድጓድ የወጣው አድማሱ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ከወለጋ ተፈናቅሎ ከልጆቹ ጋር መጠለያ የሚኖርና እሳቸው ዘንድ ሽመና የሚማር ገበሬ። ክር ተበጥሶበታል። ሽማግሌው በቦታው ገቡና ጀርባቸውን ሰጥተውት በቅጽበት ቀጠሉት።

«እስከ ቅዳሜ ካልቻልክ ሌላ ሰው አስገባለሁ። አንተ እጅ የለህም!»

አድማሱ አንገቱን ደፋ። መሬቱን ላጣ ሰው የቀረው ተስፋ ይህ ሥራ ነበርና አንጀቴን በላው።

ልብስ ልታሠራ የመጣች ምሥራቅ የምትባል የጎረቤት ልጅ አጠገቤ ቆማለች፤ የሥነ ልቦና መምህርት ናት።

«ጋሼ፣ ሳይቆጡ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ ልጄ፤ እኔ መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?»

ሳቄን በግድ ዋጥኩት።

«እርስዎ ሽመና እንዴት ተማሩ?»

«በአባቴ ዱላ!»

«ክር መቀጠሉንም?»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። «እሱን እንኳ አባቴ ለቅሶ በሄደ ቀን፣ ብቻዬን ስፈታ ስቀጥል ነው።»

«አዩ! ሰው የሚማረው በሽልማትና በቅጣት ነው ያሉ ሊቃውንት አሉ። ቅጣት ግን አትሥራ ይላል እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አያሳይም። ሌሎቹ ደግሞ ሰው አይቶ ይማራል አሉ።»

«ይየኛ! ማን ከለከለው?»

«የሚያየው እኮ ጀርባዎን ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ዘወር ብለው አድማሱን አዩት። ምሥራቅ ቀጠለች።

«ደግሞም ባዶውን የሚመጣ ተማሪ የለም፤ አዲሱን የሚይዘው በሚያውቀው ላይ ነው የሚሉም አሉ። ጋሽ አድማሱ፣ አገርዎ ሳሉ በእጅዎ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ገመድ እገምድ ነበር።»

«ቃጫው መሃል ላይ ሲያልቅብዎስ?»

«ጫፉን እፈታና አዲሱን መሃሉ አግብቼ አብሬ አከርረዋለሁ። ቋጠሮ የለውም።»

«ጠጉሩም እንዲሁ ነው እኮ!» ብለው ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ ጋሼ?»

«ቢሳሳትስ? ባናዬን ቢያበላሸውስ?» አሉ ወደ ምሥራቅ ዞረው።

«ካልደፈረሰ አይጠራም ይባል የለ? ከጎኑ ይቀመጡ፣ ያቃተውን ብቻ ያግዙት፤ ሲችል እጅዎን ይሰብስቡ።»

ቅዳሜ እኔም ምሥራቅም አልቀረንም። ክሩ ተበጠሰ። ሽማግሌው «ውጣ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ሁለት እጃቸው ግን አላርፍ አለ።

«ምሥራቅ፣ እባክሽ እጄን ያዥልኝ!»

ያዘችላቸው። አድማሱ ጫፉን ፈታ፣ አዲሱን አግብቶ በመዳፉ አከረረ፤ መወርወሪያውን ወረወረ። ክሩ ያዘ። ሽማግሌው እጃቸውን አስለቅቀው ልብሱን ዳበሱ፣ ደግመውም ዳበሱ።

«የቱ ጋ ነው የቀጠልከው?»

«ይፈልጉት እንጂ ጋሼ» አለ አድማሱ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ በዚያ ቤት ሁለተኛ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ የአድማሱ ነው። ልጆቹ ባና ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ከመጠለያው የመጡ ሌሎች ሰዎችም ሙያውን ይለምዳሉ። የሽማግሌውም ጉሮሮ አርፏል። አዲስ ተማሪ ክር ሲበጠስበት ግን ዛሬም ብድግ ይላሉ፤ ከዚያ ወደ አድማሱ ዞረው ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ።

«ቶሎ በል፣ ያዝልኝ!»