የእድሩ መኪና ዳገቱን ለምን አልወጣም

(የእድሩ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ፣ ሬሳና ለቀስተኛ እንደጫነ የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ወዲህ በመካኒኩ በንጋቱ ግቢ ተቀምጧል፤ ዛሬ ከሰዓት እድሩ በጉዳዩ ይሰበሰባል፤ የሾፌሩ የታሰው ሚስት ወይዘሮ ትርንጎ ንጋቱ ፊት ቆማለች።)

ንጋቱ፦ አልከፍትም አልኩዎት እኮ፣ እትዬ ትርንጎ። ያየሁትን ለእድሩ ዳኛ ተናግሬያለሁ። ቱርቦው ደህና ነው፤ በቃ።

ትርንጎ፦ ያየሁትን አትበል። ኮፈኑን ሳትከፍት ምኑን አየኸው?

ንጋቱ፦ አልከፈትክም ያለው ማነው?

ትርንጎ፦ የዚህ መኪና ኮፈን ከውስጥ ካልተሳበ አይከፈትም። በሩ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተቆልፏል፤ ቁልፉም ከታሰው ትራስ ስር ነበር። እንካ፣ ይኸው። አሁን ክፈተው።

ንጋቱ፦ መኪናው የእድሩ ነው። ያለ ዳኛው ፈቃድ እጄን አላስገባም።

ትርንጎ፦ ከሳቸው ዘንድ ነው የመጣሁት። ንጋቱ ባለሙያ ነው፣ እሱ አረጋግጦልናል፣ አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ አሉኝ። ምንም አላውቅም አልኳቸው፤ የሚያውቀው ሰው ግን እኔ እያየሁት ይክፈተው አልኩ። እንደፈለግሽ አድርጊ ብለው በሩን ዘጉብኝ። እንደፈለግሽ ፈቃድ ካልሆነ ምንድነው?

ንጋቱ፦ እርስዎን መቼም...

ትርንጎ፦ አዎ፣ እንዲህ ነኝ። ክፈት።

ንጋቱ፦ እትዬ፣ ራስዎን አያድክሙ። ጋሽ ታሰው የዚያን ቀን ቀመስ አድርገው ነበር። ለእኔም ሸቶኛል፤ አብረው የተሳፈሩትም ተናግረዋል።

ትርንጎ፦ ጠጥቷል፤ አልደብቅህም። ከቁርሱ ጋር አንድ ጣሳ ጠላ። የቀዳሁለትም እኔ ነኝ። ሰከረ ግን አትበለኝ። ሲንሸራተት መሪውን ወደ ግንቡ አዙሮ ያቆመው እሱ ነው፤ ሰካራም ቢሆን ሁሉም ገደል ነበር የሚገባው።

ንጋቱ፦ የሟች እህት እጇ ተሰብሯል። ሳጥኑን ሰው ተሸክሞ ነው ያወጣው። ቤተሰቡ እንዴት ዝም ይበል?

ትርንጎ፦ እነሱን ዝም በሉ አላልኩም። እኔ የምልህ፣ ከሰዓት ሰክሮ ሬሳ ጣለ ብለው ታሰውን ከሾፌርነት፣ ሁለታችንንም ከእድሩ ሊያወጡን ነው። እሱ ከዚያን ቀን ወዲህ ደጅ አልወጣም፤ ሰው ሲያንኳኳ እንኳ ጓዳ ይገባል። ነገ ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት ድንኳን የሚተክልልን የለም። ይኸ ነው ያመጣኝ። ሞተር ማየት አምሮኝ አይደለም።

ንጋቱ፦ እሺ። እሺ። ይኸው ተከፈተ። ያ ጥምዝ ብሎ የተጠቀለለው ብረት፣ እሱ ነው ቱርቦ። አለ፣ ተገጥሟል። አይተዋል፤ አሁን ይሂዱልኝ።

ትርንጎ፦ መኖሩንማ አየሁ። ታሰውም ቤት ውስጥ አለ፤ ሥራ ግን አልገባም። ይሠራል ወይ ነው የምልህ።

ንጋቱ፦ ያፏጫል። ቱርቦ ሲሠራ ያፏጫል። በዚህ መንገድ ሲያልፍ እዚሁ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

ትርንጎ፦ ለዳኛው የመሰከርከው በፉጨት ነዋ።

ንጋቱ፦ ይኸ ጆሮ ስንት ሞተር አክሟል መሰለዎት?

ትርንጎ፦ ታሰው ሌላ ነው የነገረኝ። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየዞረ ለሞተሩ አየር ይነፋል አለኝ። ሲሠራ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ወደ ሞተሩ የሚገባው የጎማ ቱቦ እንደ ጡንቻ ይጠነክራል አለ። የትኛው ነው ቱቦው?

ንጋቱ፦ ጋሽ ታሰው ይኸን ሁሉ ካወቁ ዳገት ላይ ከመውጣታቸው በፊት አይናገሩም ነበር?

ትርንጎ፦ ተናግሯል። ከቀብሩ በፊት ለዳኛው ነገራቸው። መኪናው ጉልበት አጥቷል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሰው ባልጭንበት አላቸው። እሳቸው አንተጋ ደወሉ። ምን አልካቸው?

ንጋቱ፦ ...ይሠራል አልኳቸው።

ትርንጎ፦ እዚሁ ቁጭ ብለህ።

ንጋቱ፦ ቱቦው ይኸ ነው። በዚህ በኩል ይቁሙ። ነጠላዎን ይሰብስቡ፣ ማራገቢያው እንዳይስብዎት።

ትርንጎ፦ ወገቤ ላይ አስሬዋለሁ። ግባና አስነሳ።

ንጋቱ፦ ይኸው ተነሳ። ነዳጅ እየሰጠሁት ነው። ጠነከረ?

ትርንጎ፦ ጨምር።

ንጋቱ፦ ጨመርኩ። አሁንስ?

ትርንጎ፦ ልፍስፍስ ነው። ስጨብጠው ጣቶቼ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸው።

ንጋቱ፦ እርስዎ አያያዙን አላወቁበትም።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ውረድና አንተ ያዘው፤ እኔ እረግጣለሁ።

ንጋቱ፦ እርስዎ መኪና ነድተው ያውቃሉ?

ትርንጎ፦ ቆሞ መርገጥ መንዳት አይደለም። ማርሹን አልነካውም፤ ፍሬኑንም ስበኸዋል። ውረድ። ...ይኸው፣ እየረገጥኩ ነው። ምን ይላል?

ንጋቱ፦ ትንሽ ይጨምሩበት።

ትርንጎ፦ ወለሉ ድረስ ወርዷል። ምን ይላል፣ ንጋቱ?

ንጋቱ፦ ይተዉት። ይተዉት፣ በቃ። መኪና ጭነት ከሌለው ቱርቦው ብዙ አይነፋም። ቆሞ የሚታወቅ ነገር አይደለም።

ትርንጎ፦ አንተ ተቀምጠህ አውቀኸው የለ? ለመሆኑ ፉጨቱስ? እኔም አሁን ሰማሁት። ከዚህ ከተጠቀለለው ብረት አይደለም የሚመጣው፤ ከወዲያ በታች ነው። ና፣ ያን ጆሮህን አምጣው።

ንጋቱ፦ ...የጭስ መውጫው መጋጠሚያ ተሰንጥቋል።

ትርንጎ፦ እሱ ነው የሚያፏጨው?

ንጋቱ፦ እሱ ነው።

ትርንጎ፦ ሞተሩን አጠፋሁት። አሁን አየር የሚገባበትን ቱቦ ፍታና ውስጡን አሳየኝ።

ንጋቱ፦ ከተፈታ በኋላ...

ትርንጎ፦ ከተፈታ በኋላ ምን? ሞቶም ቢሆን ይታይ። ፍታው።

ንጋቱ፦ እየፈታሁ ነው። አያጣድፉኝ፣ ማሰሪያው ዝጓል። ...ይኸው። ያ ውስጡ ያለው ክንፍ ክንፍ ያለው፣ የቱርቦው መዘውር ነው። በጣት ሲነኩት ያለ ምንም ችግር መዞር አለበት።

ትርንጎ፦ ንካው።

ንጋቱ፦ ነካሁት።

ትርንጎ፦ ዞረ?

ንጋቱ፦ ክንፎቹም ሁለት ቦታ ተሸርፈዋል።

ትርንጎ፦ እሱን አልጠየቅኩህም። ዞረ ወይ?

ንጋቱ፦ አልዞረም። ዘይት ተቃጥሎበት እንደ ሬንጅ ይዞታል። የሰሞኑ አይደለም፤ ከከረመ ቆይቷል።

ትርንጎ፦ እንግዲህ በዚህ ነው ሬሳና ያን ሁሉ ሰው አስጭናችሁ ዳገቱን ውጣ ያላችሁት። ጠላ ያልቀመሰ ሾፌር ቢሆን ይወጣ ነበር?

ንጋቱ፦ አይወጣም። ማንም አያወጣውም።

ትርንጎ፦ ይኸን ነው ከሰዓት የምትናገረው።

ንጋቱ፦ እትዬ፣ ቁጭ ይበሉና ይስሙኝ። ዛሬ እኔ ለጋሽ ታሰው እቆማለሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ተጸጽተዋል፣ ይቅር እንበላቸው ብዬ ዳኛውን እለምናለሁ። እሺ ይሉኛል። ከእድሩ አትወጡም፣ ድንኳኑም አይቀርባችሁም። መንዳቱን ብቻ ይተዉት። ቱርቦውን እኔ ድምፄን አጥፍቼ እቀይረዋለሁ፤ ሞገስ እስኪረከብ ድረስ መኪናው እንደ አዲስ ይሆናል።

ትርንጎ፦ የቱ ሞገስ?

ንጋቱ፦ ማለቴ፣ የሚረከበው ሰው።

ትርንጎ፦ ሞገስ ወንድምህ?

ንጋቱ፦ እኔ አልጠየቅኩም። ዳኛው ናቸው መንጃ ፈቃድ እንዳለው ሰምተው ያነሱት። ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፣ እሺ አልኩ። ለእሱ ብዬ ግን አልዋሸሁም። በእናቴ፣ ሲያፏጭ ሰምቼ አምኜ ነው።

ትርንጎ፦ አምንሃለሁ። ቅድም ጣትህን አስገብተህ ፊትህ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ብታውቀው እንዲያ አትሆንም ነበር። አሁን ግን አወቅህ።

ንጋቱ፦ የእኔንም ይዩልኝ እንጂ። ከስብሰባው ፊት ቆሜ ሳልከፍት ነው የመሰከርኩት ካልኩ፣ ከእንግዲህ በዚህ በር መኪናውን የሚያስገባ አለ? የዚያች ሴትዮ እጅስ በማን ሊላከክ ነው?

ትርንጎ፦ በታሰው ሲላከክ ግን አልከበደህም።

ንጋቱ፦ ከዳገቱ በኋላ ነው የተበላሸው ማለትም ይቻላል። ማንም አያውቅም።

ትርንጎ፦ እኔ አውቃለሁ። አንተም አሁን ከአፍህ ከረመ ብለኸኛል። ያላጠፋ ሰው ጉልበት ስሞ ይቅርታ ሲለምን ቆሜ አላይም፤ ከእድሩ ብንወጣ ይሻለኛል። ለእኔ ብለህ ምንም አታድርግ። የሰፈሩን ጥሩምባ ዛሬ ንጋት ላይ ሰምተሃል?

ንጋቱ፦ አልሰማሁም። ማን ሞተ?

ትርንጎ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት አባት። ቀብሩ ነገ ነው፣ እዚያው ዳገት ላይ። ታሰውን ዛሬ አውርደው ዛሬውኑ ሞገስን ይሾማሉ። አንተ ቱርቦው ደህና ነው ብለሃቸዋል፤ ታዲያ ለምን ብለው ይጠብቃሉ? ሳጥኑን ጭነው፣ ለቀስተኛውን ከኋላ ደርድረው ንዳ ይሉታል።

ንጋቱ፦ ነገ አይነዳም። እኔ እነግረዋለሁ።

ትርንጎ፦ ምን ብለህ? ለእሱ ለብቻው በጆሮው? ታሰውም እኮ አልነዳም ብሎ ነበር። ዳገት ፈርተህ ነው አሉት፤ ሰው መሀል አፈረና ነዳ። ሞገስ ገና ወጣት ነው፤ በመጀመሪያ ሥራው ቀን ፈሪ ከሚባል ይነዳል። ቱቦውን ግጠመው፤ እኔ አላየሁም። ወደ ቤቴ ልሂድ።

ንጋቱ፦ ቆይ፣ እትዬ።

ትርንጎ፦ ምን ልቆይ? የምለውን ጨርሻለሁ።

ንጋቱ፦ አይሂዱ። ስልክዎን ያውጡና ስብሰባው እዚህ ግቢ ነው ይበሏቸው፤ ጋሽ ታሰውንም ያስጠሯቸው። ዳኛው በገዛ ጣታቸው ሳይነኩት ይኸን ቱቦ አልገጥመውም።