ቸርኬ መልህቅ አይሆንም

ጋሼ ጌታሁን የቸርች ሰው እንዳያያቸው አንገታቸውን ደፍተው አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ምግብ ሱቅ ወጡ። ግን የፈሩት ይደርሳል፤ የጀልባ ዕቃ ሱቅ የምትሠራው የቸርቻቸው ልጅ ሄቨን መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ከፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ጠፉ እኮ! ጀልባዋ ደህና ናት?»

ጋሼ ፊታቸው ደም መሰለ። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጃቸውን አቢጌልን ይዘው ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ቆማለች ያሏት ጀልባ ተንሸራታ ከድንጋይ ጋር ልትላተም ስትል የባሕር ጠባቂዎች ጎትተው አወጧቸው። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው የምሥራች፣ አቢጌልን ጀልባዋ አጠገብ አላስደርስም ብላለች።

«ማዕበሉ ነው ጉድ የሠራኝ።»

«መልህቁስ ምን ዓይነት ነበር?»

«የድሮ ታክሲዬ ቸርኬ፣ ሲሚንቶ ሞልቼበት። ወገቤን እስኪቆርጠኝ ነው የማነሳው! እንዲህ የከበደ ነገር መች ይንቀሳቀሳል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ክብደት ብቻውን አይይዝም፤ ውኃ ውስጥ ደግሞ ይቀላል። የዚህ አካባቢ ባሕር ታቹ አሸዋ ነው፤ እንደ ማረሻ የሚሰካ መልህቅ ይፈልጋል። ገመዱንስ ምን ያህል ለቀቁት?»

«ታቹን እስኪነካ ነዋ!»

«ታዲያ ጀልባዋ ከፍ ባለች ቁጥር ገመዱ መልህቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል። የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ ይልቀቁ፤ መልህቁ ጋ ሰንሰለት ይግባበት። ያኔ በአግድም ስለሚጎተት ይበልጥ ይቀበራል። መጠኑን ደግሞ በጀልባዋ ርዝመት እንመርጣለን።»

«ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው እንዴት እንደሚቆም ካንቺ ልማር?»

«ታክሲ ፍሬን አለው፣ ጋሼ።»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል እየሰሙ ያደጉት ሰውዬ፣ የካፒቴን ኮፍያውን ነበር አስቀድመው የገዙት። አሁን መግቢያ ጠፋቸው።

«ጀልባዋን የሸጠልኝ ሰው ይህንኑ ሲያስረዳኝ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግማሹ አልገባኝም። አልገባኝም ማለት አፍሬ፣ ኦኬ ኦኬ ብዬ ወጣሁ።»

«እናቴም ለዶክተሯ እንደዚያው ነው የምትለው። መድኃኒቷን ወር ሙሉ አዛብታ ዋጠች።»

ጋሼ ስልካቸውን አወጡ። ለልጃቸው ደወሉ።

«የምሥራች፣ ዋሽቼሻለሁ። ማዕበል የሚባል አልነበረም። መጠየቅ አፍሬ ልጅሽን ልገድላት ነበር።»

«አቢጌል ነግራኛለች፣ አባዬ» አለች። «ካንተ እስክሰማው ነበር የጠበቅኩት።»

ዛሬ ጋሼ ለቸርቹ ሰው ሁሉ የባሕሩን ታች ሳያውቁ፣ ገመድ ሳይለኩ፣ ያልገባቸውንም ደግመው ሳይጠይቁ ሰው ይዞ ባሕር መውጣት ነውር ነው እያሉ ይመክራሉ። ከሄቨን በገዙት አዲስ መልህቅ በወጡበት የመጀመሪያ ቀን ነፋስ ቢነሣም ጀልባዋ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። የምሥራችም ልጇን አቅፋ ከፊታቸው ተቀምጣ ነበር። ጋሼ ግን ቀና ብለው የልጃቸውን ዓይን ለማየት ብዙ ቅዳሜ ፈጀባቸው።