ሸዋንግዛው ከቁርቁራው አልወጣም አለ

ከአዋሽ ወንዝ ወዲህ ባለች ቆላ መንደር፣ ረፋድ ላይ፤ ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሾፌር ሸዋንግዛው ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው እሾሃም የቁርቁራ ቁጥቋጦ መሃል በርጩማ አስገብቶ ተቀምጧል፤ ታላቅ እህቱ አስካለ መጥረቢያ ይዛ ከውጭ ቆማለች።

አስካለ፦ ውጣ ብዬሃለሁ ሸዋ! ለደቦ የጠራኋቸው ሰዎች ቆሎዬን ቆርጥመው ጨረሱ፤ አሁን ጋኑን እያዩ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ይጠጡ። ጠላ የጠጣ ሰው እሾህ አይቆርጥም፤ ይዘፍናል።

አስካለ፦ እኔ ግን አልጠጣሁም! ልጄን ቤዛዊትን ልድር ነው። የሙሽራው ወገን ከናዝሬት በመኪና ተሰልፎ ይመጣል። ዳሱ የሚተከለው እዚሁ አንተ የተቀመጥክበት ላይ ነው። ከነበርጩማህ አብሬ ልዳርህ?

ሸዋንግዛው፦ ዳሱን በጓሮ ትከዪ።

አስካለ፦ በጓሮ? በፍየሎቹ በረት በኩል? አማቾቼ በጠጥ እየረገጡ እልል ይበሉ?

ሸዋንግዛው፦ በጠጥ በረከት ነው።

አስካለ፦ እንግዲያው በረከቱን አንጥፈህ ተኛበት! የሙሽራው አክስት ለሽምግልና የመጣች ጊዜ ቀሚሷን ሰብስባ ምን እንዳለች ረሳኸው? «ውይ፣ እዚህም ሰው ይኖራል?» አለች። በገዛ ደጄ! ወጡን ሦስቴ እያስጨመረች! ያን ዕለት ነው የማልኩት። ያቺ ሴትዮ ዳግመኛ ስትመጣ ፊት ለፊት ሰፊ ሜዳ፣ ዳስ፣ ምንጣፍ አይታ አፏን ትይዛለች ብዬ።

ሸዋንግዛው፦ አፏን የምትይዘው ስትጠግብ ነው።

አስካለ፦ አትቀልድ! ሰው ሁሉ እየጠየቀኝ ነው። «ወንድምሽ ምን ሆኖ እሾህ ውስጥ ገባ?» ይሉኛል። ምን ልበል? ሱባዔ ገብቷል አልኳቸው።

ሸዋንግዛው፦ ጥሩ ብለሻል።

አስካለ፦ ጥሩ ነው? አንዷ አሁን መጥታ ጸሎት ልታስይዝህ ነው! በቢራቢሮ የተነሳ ነው ብላቸው ግን አስረው ጸበል ይወስዱሃል።

ሸዋንግዛው፦ ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ልትቀመጥ ስትል አባረርሻት።

አስካለ፦ ማንን?

ሸዋንግዛው፦ ያቻትና። ከጉልበትሽ ዝቅ ብላ፣ ከቀኝሽ በኩል። አየሻት?

አስካለ፦ ይቺ? ይቺ ናት? ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም እኮ! እኔ ቢያንስ የሌሊት ወፍ የምታህል መስሎኝ ነበር። ለዚች ነው ሰርግ የሚፈርሰው?

ሸዋንግዛው፦ ክንፏን ስትገጥመው ነጭ ነው፤ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ስትገልጠው ደግሞ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሰማዩ በዚያ በከሰም ወንዝ በኩል እንደሚሆነው።

አስካለ፦ ይኼ የአንተ አፍ ነው? ዕድሜህን ሙሉ የጅቡቲን መንገድ ስትመላለስ የመኪናህ የፊት መስታወት የቢራቢሮ መቃብር አልነበረም? ረዳትህ በየኬላው እየወረደ በቢላ አልነበረም የሚፍቀው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ሸዋንግዛው፦ ያኔ መንገዱን ነበር የማየው። አሁን መንገድ የለኝም፤ ያለኝን አያለሁ።

አስካለ፦ ያለህ እሾህ ነው።

ሸዋንግዛው፦ የሷም አገር እሾህ ነው። ከቁርቁራ ሌላ ቅጠል አታውቅም። ዝናብ ዘንቦ ቅጠሉ ሲያቆጠቁጥ እንቁላሏን እሾሁ ሥር ትጥላለች፤ ልጇ የሚበላው ይህንኑ ቅጠል ነው። ነፋስ ካልወሰዳት በቀር ከዚህ ቁጥቋጦ ርቃ አትሄድም። እዚሁ ትወለዳለች፣ እዚሁ ታገባለች፣ እዚሁ ትሞታለች።

አስካለ፦ የቀበሌ መታወቂያም አላት በለኛ!

ሸዋንግዛው፦ ጎንበስ በይ፣ ላሳይሽ።

አስካለ፦ እሾህ ውስጥ አንገቴን አላስገባም። ቆይ እስቲ፣ ሻሼን ልፍታው። የቱ ጋ?

ሸዋንግዛው፦ ከቅጠሉ ሆድ ላይ። አረንጓዴ ሆኖ የተለጠፈው።

አስካለ፦ ይኼ ትል ነው።

ሸዋንግዛው፦ ልጇ ነው።

አስካለ፦ ትል ነው አልኩህ። እሱንም ጉንዳን ወሮታል። በል፣ ልጇ እየተበላልህ ነው።

ሸዋንግዛው፦ አይበሉትም። እያለቡት ነው።

አስካለ፦ ምን?

ሸዋንግዛው፦ እያለቡት! ዝም ብለሽ እይ። በፊታቸው ባለው ቀጭን ቀንዳቸው ጀርባውን ይዳብሱታል፣ ያባብሉታል። እሱ ጣፋጭ ጠብታ ያወጣላቸዋል። እነሱ ደግሞ ሊበላው የመጣውን ሁሉ እየተናደፉ ይመልሱለታል።

አስካለ፦ ጉንዳን ላም አለው በለኛ! የሰፈራችን ጎረምሳ ሥራ የለም እያለ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል፤ ጉንዳኑ በረት ከፍቷል። ኧረ! ኧረ ሸዋ! ወጣ እኮ ጠብታው! በስመ አብ!

ሸዋንግዛው፦ አላልኩሽም?

አስካለ፦ እኔ ያለችኝ ላም ባልዲ ባየች ቁጥር ትራገጣለች፤ ይኼ ትል ከሷ ይሻላል። ምነው እግሬን... ውይ! አንዱ ጉንዳን ነከሰኝ!

ሸዋንግዛው፦ ከብቱን ልትሰርቂ የመጣሽ መስሎት ነው።

አስካለ፦ ሳቅ አንተ! ሥራቸውን ወድጄዋለሁ፤ ቢሆንም ይቆረጣል። ትል አማች አይሆነኝም። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ? አንተ ከጎማና ከፍሬን ሌላ የምታውቀው አልነበረህም።

ሸዋንግዛው፦ ዶክተር ትርሲት ናቸዋ። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ የሚመጡት።

አስካለ፦ ያቺ ምጣድ የሚያህል ባርኔጣ አድርጋ የምትዞረው?

ሸዋንግዛው፦ እሳቸው። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናቸው። የመጀመሪያ ዕለት ሌባ መስለውኝ ዱላ ይዤ ነው የወጣሁት። ስወጣ ከቁጥቋጦው ሥር ሁለት እግር ብቻ ተዘርግቶ አየሁ። ሬሳ ነው ብዬ ክው አልኩ። «ማነው?» ብዬ ብጮህ፣ ከውስጥ «ዝም በል፣ እየበላ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። «ማን?» አልኩ። «ሕፃኑ!» አሉኝ።

አስካለ፦ ትሉን ነው?

ሸዋንግዛው፦ ትሉን! እኔ ምኑን አውቄ? ሴትዮዋ እዚህ ወልደው ነው ብዬ ፎጣና ሙቅ ውሃ ላመጣ ሮጥኩ።

አስካለ፦ ወልደው! ሙቅ ውሃ! እኔን ይግደለኝ! እና አመጣህ?

ሸዋንግዛው፦ አመጣሁ እንጂ። ለመውጣት ሲነሱ እሾሁ ፀጉራቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ፈታሁላቸው። ረጅም ፀጉር ነው፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበት። እኔን እሾሁ ጣቴን ይወጋኛል፤ እሷ እሾህ ውስጥ ሆና ትስቃለች። እንዲያ ስትስቅ ደግሞ...

አስካለ፦ ቆይ፣ ቆይ። ማን ናት የምትስቀው?

ሸዋንግዛው፦ እንዴት ማን ናት?

አስካለ፦ ቅድም «እሳቸው» ነበሩ። «መጡ፣ አሉኝ፣ ወለዱ» ስትል ነበር። ፀጉሯ ጋ ስትደርስ «እሷ» ሆነች። አንቱታው እሾሁ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ?

ሸዋንግዛው፦ አፌን ወለም ብሎኝ ነው።

አስካለ፦ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። አንተ ሁለቱም አምልጠውሃል።

ሸዋንግዛው፦ አንቺ ሴትዮ፣ ሰርግሽን አስቢ።

አስካለ፦ እያሰብኩ ነው። የማን ሰርግ እንደሆነ ነው የተምታታብኝ። ባል አላት?

ሸዋንግዛው፦ ሞቶባታል። ቆይቷል።

አስካለ፦ ልጅስ?

ሸዋንግዛው፦ ልጇ አድጎ ወጥቷል። ምን ያደርግልሻል?

አስካለ፦ ለትሉ ብዬ ነው። ነገርካት?

ሸዋንግዛው፦ ምን ብዬ?

አስካለ፦ «ራሴ ተመልጧል፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ እወድሻለሁ» ብለህ!

ሸዋንግዛው፦ አትቀልጂብኝ እትዬ። እሷ የመጽሐፍ ሰው ናት፤ እኔ አንብቤ የጨረስኩት ታርጋ ነው። በመጣች ቁጥር ጥላ እይዝላታለሁ። እዚህ ቁጭ ብለን እናያለን። አንዳንዴ ታስረዳኛለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም ደስ ይላል። ከዚያ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ የሚቀጥለውን ዝናብ ስጠብቅ እከርማለሁ። ይህን ቁጥቋጦ ቆረጥሽ ማለት የምትመጣበትን ሰበብ ቆረጥሽ ማለት ነው። ቤዛዊት አግብታ ልትሄድ ነው። አንቺም አራስ ጥየቃ፣ ክርስትና እያልሽ ናዝሬት መመላለስሽ አይቀርም። ቤቱ ውስጥ የምንቀረው እኔና ራዲዮው ነን። ራዲዮውም ሲሻው ነው የሚያወራው።

አስካለ፦ ሸዋ...

ሸዋንግዛው፦ እንዳታዝኚልኝ።

አስካለ፦ ማን አዘነልህ? በጥፊ ልልህ ነው የፈለግኩት፤ እሾሁ ነው ያተረፈህ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት እያደርን አትነግረኝም? አሁን የምጠይቅህን ብቻ መልስ። ይቺ ቢራቢሮ ከዚህ ሌላ የትም የለችም?

ሸዋንግዛው፦ ኧረ አለች። ቁርቁራ ባለበት ሁሉ አትጠፋም። የእነዚህ ግን አገራቸው ይኼ ነው። ናዝሬት ሰው ሞልቷል ተብሎ የኛ ቤት ይፍረስ?

አስካለ፦ ቤታችንን ለጊዜው ተወው። ከአዋሽ ድልድይ እስከኛ መገንጠያ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ምንድነው ያለው?

ሸዋንግዛው፦ ግራር።

አስካለ፦ ከግራሩ ሥርስ?

ሸዋንግዛው፦ ሳር። ደግሞ... ቁርቁራ።

አስካለ፦ ብዙ?

ሸዋንግዛው፦ ብዙ።

አስካለ፦ እና ሴትዮዋ ያን ሁሉ ቁርቁራ በመኪና እያለፈች፣ አስፋልቱን ለቃ፣ በዚህ ሐሩር አቧራ እየቃመች እኛ ደጅ ድረስ የምትመጣው ትል ጠፍቶባት ነው?

ሸዋንግዛው፦ ጸጥ ያለ ቦታ ነው ትላለች።

አስካለ፦ ጸጥ ያለ! ፍየሎቹ ባሉበት? እኔ ባለሁበት? ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይኼ ነው። ስልክህን አውጣ።

ሸዋንግዛው፦ ለምን?

አስካለ፦ እንወራረድ። «ቁጥቋጦው ሊቆረጥ ነው፤ እኔም መሃሉ ተቀምጫለሁ» በላት። «ወይኔ ቢራቢሮዎቼ!» ካለች ሰዎቹን አሰናብታለሁ፣ ቁጥቋጦህም ይቀመጥልሃል። የጠየቀችው ስላንተ ከሆነ ግን ትወጣልኛለህ፣ እኔም እቆርጣለሁ።

ሸዋንግዛው፦ ይኼ ምን ዓይነት ውርርድ ነው? ባሸንፍ ላዝን፣ ብሸነፍ ደስ ሊለኝ?

አስካለ፦ አየህ፣ ገባህ። ደውል! ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም።

ሸዋንግዛው፦ ኔትወርክ የለም።

አስካለ፦ ውጣና ይኖራል።

ሸዋንግዛው፦ ብወጣ ታስቆርጪዋለሽ! ቆይ፣ ቆሜ ልሞክር። ወይ እሾህ! እ... ጠራ። ጠራ እትዬ! ምን ልበላት?

አስካለ፦ ሃሎ በላት!

ሸዋንግዛው፦ ሃሎ? እንዴት ነሽ? እኔ ነኝ፣ ሸዋንግዛው... አሃ፣ ስልክሽ ላይ ስሜ ይወጣልሻል ለካ።

አስካለ፦ «ነሽ!» እግዚኦ፣ «ነሽ» አላት!

ሸዋንግዛው፦ ዝም በይ! አይ፣ አንቺን አይደለም፤ እህቴን ነው... አዎ፣ እሷው፣ የምትጮኸዋ።

አስካለ፦ ስለኔ ምን ብለህ ነው የነገርካት?

ሸዋንግዛው፦ ስሚኝማ። ቁጥቋጦው ሊቆረጥ ነው... ለሰርግ... አዎ፣ ዛሬ። እኔ መሃሉ ነኝ... ከጠዋት ጀምሮ... አልወጣሁም። ሃሎ? ሃሎ? አለሽ? እ? አይ... ትንሽ። ክንዴን ብቻ... እሺ። እሺ... እሺ፣ እነግራታለሁ። ደህና ዋዪ።

አስካለ፦ እሺ፣ እሺ፣ እሺ! ምን አለች?

ሸዋንግዛው፦ መጀመሪያ መስመሩ ተቆራረጠ።

አስካለ፦ ከዚያስ?

ሸዋንግዛው፦ «ወጋህ ወይ?» አለች።

አስካለ፦ ስለ ቢራቢሮዋስ?

ሸዋንግዛው፦ ምንም።

አስካለ፦ ስለ ትሉስ? ስለ ጉንዳኖቹስ?

ሸዋንግዛው፦ አንድም ቃል አልተነፈሰችም አልኩሽ! «ከፀሐዩ ውጣ፣ ክንድህን በአልኮል እጠበው» አለች። ደግሞ... እህትህ ከጠራችኝ ለሰርጉ እመጣለሁ አለች።

አስካለ፦ ከጠራችኝ? እኔ ነኝ የማልጠራት? ከፊት ነው የማስቀምጣት፤ ከዚያች ከአክስትየው ጎን! ዶክተር ናት ብዬ ነው የማስተዋውቃት፤ የምን እንደሆነች አልናገርም።

ሸዋንግዛው፦ በይ በርጩማውን ተቀበዪኝ። ተሸንፌያለሁ። ውርርድ ውርርድ ነው፤ ሰዎቹን ጥሪና ይቁረጡት። እኔ ግን አላይም፤ ቤት እገባለሁ።

አስካለ፦ ዝም ብለህ ውጣ። ሰዎቹ ፍየሎቹን ያውጡና በረቱን ይጥረጉ፤ ዳሱ በጓሮ ነው።

ሸዋንግዛው፦ እንዴ! ያሸነፍሽው አንቺ እኮ ነሽ! ናዝሬቶችስ? በጠጡስ?

አስካለ፦ ይርገጡት! ዶክተሯ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ምን ስታይ ልትውል ነው፣ ያንተን ፊት ብቻ?